አባ ግፋው

«ግፋው!» አልክ።

ማንም አልጠየቀህም እኮ። ሞተሩ «ጠቅ» ብሎ ዝም ከማለቱ አንተ ከጎኔ በቅለሃል። ሰላምታ የለ፣ «ምን ሆነብህ?» የለ፣ በቃ «ግፋው!»። እጅህ ኪስህ ውስጥ፣ ስንጥር ጥርስህ ላይ፣ አፍህ ብቻ ሥራ ላይ። ወሎ ውስጥ የሚገፋልህ ሰው «ግፋው» አይልም። «አብሽር!» ይልና የጫማውን ክር አጥብቆ ከኋላህ ይሆናል። «ግፋው» የሚልህ ሊያይ የመጣ ነው።

እናንት ቆማችሁ የምትስቁ የመካነ ሰላም ሰዎች፣ እስቲ ፍረዱኝ። በዚህ አገር ለትልቅ ሰው ስም የሚያወጣለት ፈረሱ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ተባሉ። ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው። የኛው ንጉሥ ሚካኤል አባ ሻንቆ። ይህ ወንድማችን ፈረስ የለውም፣ በቅሎም የለውም፣ ስም ግን አይከልከል። ከኔ ሞተር ላይ ላውጣለት፤ አባ ግፋው! በሉ እልል በሉለት። ፉከራውን አትጠብቁ፣ ጨርሶት ነው የመጣው።

እሺ አባ ግፋው፣ ልግፋው። ወዴት? በዚህ በኩል ዳገት፣ በዚያ በኩል ገደል። ቦረና፣ ሳይንት፣ ለጋምቦ ውስጥ ሜዳ የሚባለው ዳገቱ ትንፋሽ የሚሰበስብበት ቦታ ነው። ሽቅብ ብገፋው ከባትሪው ቀድሜ የማልቀው እኔ ነኝ። ቁልቁል ብለቀው ሞተሩ ይነሳ ይሆናል፤ እኔን ግን የሚያነሳኝ የለም።

«ይሄ ሁሉ የባትሪ ወሬ አዲስ አመል ነው፣ ድሮ ያለ ባትሪ ነበር የሚነሳው» አልክ። ድሮ! ማስረጃ የሌለው ሁሉ ድሮ ውስጥ ነው የሚደበቀው። ና ውጣ፣ ዓመት ልንገርህ። ሲያልቅ መልሰው የሚሞሉትን የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ጋስቶን ፕላንቴ የሚባል ፈረንሳዊ የሠራው በፈረንጆቹ 1859 ነው። ያኔ ዐፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ ገና አራት ዓመታቸው ነበር። መድፋቸው ሴባስቶፖል ገና ጋፋት ላይ አልተሠራም። ሞተር ሳይክልማ ጭራሽ አልተፀነሰም፤ ዳይምለርና ማይባክ በቤንዚን የሚሄደውን ያወጡት በ1885 ነው። ቁጠር። ባትሪው ሞተሩን በ26 ዓመት ይበልጠዋል። «አዲስ አመል» ያልከው ቅድመ አያትህን «አንተ ልጅ፣ ና ውሃ አቀብለኝ» ሊላቸው የሚችል ሽማግሌ ነው። እሱ አልነሳም ቢል መብቱ ነው፤ አንተ ግን ተነስለት።

ደግሞስ ያ ድሮህ እንዴት ነበር የሚያስነሳው? መኪናው አፍንጫ ላይ ብረት ሰክቶ በክንድ ማዞር ነበር። ሞተሩ ወደኋላ የመለሰ ዕለት ብረቱ ክንድ ይዞ ይመለሳል። በፈረንጆቹ 1912 ካዲላክ የቻርልስ ኬተሪንግን የኤሌክትሪክ ማስነሻ ገጠመና ያ ጣጣ እየቀረ ሄደ። «ድሮ ይሻል ነበር» የምትለው ለማን ወግነህ ነው? ለወጌሾች?

ይሄኔ ዝም ብትል ደግ ነበር። አላልክም። «ቴዎድሮስ ያን የሚያህል ሴባስቶፖል ገፍተው መቅደላ አውጥተው የለም? አንተ አንድ ሞተር ያቅትሃል?» ብለህ ወደ ሰዉ ዞርክ። ሰዉም አጨበጨበልህ። እኔም አጨበጨብኩ። ወንድሜ፣ አምባ መቅደላ ሥር ተወልዶ ላደገ ሰው ሴባስቶፖልን አይተርቡበትም፤ መልሶ ይወድቅብሃል፣ ሰባት ቶን ገደማ ነው።

አዎ፣ ወጥቷል። ከደብረ ታቦር ተነስቶ፣ ጂዳን ወርዶ ወጥቶ፣ በሽሎን ወርዶ ወጥቶ፣ ወደ ስድስት ወር ገደማ በሰው ጉልበት ተጎትቶ አምባው ላይ ደርሷል። ግን ንጉሡ ስንጥር ነክሰው «ግፋው» እያሉ ነበር? መንገዱን ነው ያስጠረጉት። ያውም ከሠራተኛው ፊት ሆነው ድንጋይ በገዛ እጃቸው እያነሱ። አንተ ከጠዋት ጀምሮ ያነሳኸው ነገር ቢኖር የሰው ስም ነው።

ከወጣስ በኋላ? እዚህ ጋ ጆሮህን አቅርብ። በኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 3 ቀን 1860 የእንግሊዙ የናፒየር ጦር አሮጌ በተባለው ሜዳ ላይ ሲገጥም ያ ሁሉ የተገፋ መድፍ የጦርነቱን ዕጣ አልቀየረውም። በሦስተኛው ቀን ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ። ሴባስቶፖል ግን ዛሬም አምባው ላይ ነው። ገፋነው፣ ወጣልን፤ አልተነሳልንም! አየህ፣ መግፋትና ማስነሳት ሁለት ሥራ ነው። አንተ የቱን ነው የምታዘኝ? አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሴባስቶፖል አምሳያ ቆሟል። የኔን ሞተርም እዚሁ መናኸሪያው በር ላይ ልናቆመው ነው? ሥሩስ ምን ተብሎ ይጻፍ? «በምክር ብዛት ያረፈ»?

ናፒየርም ቢሆን አስቦበት ነው የመጣው። 44 ዝሆን ከሕንድ በመርከብ አስጭኖ መድፉን እነሱ ላይ ጫነ። ዝሆን ይሸከማል እንጂ ዳር ቆሞ ሐሳብ አይሰጥም። በዚህ በዚህ ከዝሆን ጋር አትመሳሰሉም፤ በጆሮ ብቻ ትቀራረባላችሁ፣ ያንተው አይሰማበትም እንጂ።

አሁን ስለ መግፋት እናውራ፤ ከኔ ይልቅ አንተ ትወደዋለህና። መግፋት ሥርዓት አለው። ቁልፉን ትከፍታለህ። ሁለተኛ ማርሽ ታስገባለህ። ፍሪሲዮኑን ትጨብጣለህ። ትሮጣለህ። ጎማው ከተንከባለለ በኋላ ፍሪሲዮኑን ድንገት ትለቀዋለህ፤ ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል። «ዱፍ» ሲል መልሰህ ትጨብጣለህ። ካልጨበጥክ ሞተሩ አንተን እዚህ ትቶ ቱሉ አውሊያ ድረስ ብቻውን ይሄዳል፣ እዚያም ዩኒቨርሲቲ ይመዘገባል። አንደኛ ማርሽ ላይ ከሞከርክ ደግሞ የኋላ ጎማው ድርቅ ብሎ ይንሸራተታል፤ ጭቃ ከሆነማ በግንባርህ ነው የምታርሰው።

ባለፈው ግን አንተ ስትገፋ አይተንሃል። የሰው ሞተር ይዘህ፣ ከገበያው እስከ መናኸሪያው፣ ላብህ ከጆሮህ እየተንጠባጠበ። ማርሹ? ፍሪ ላይ። በፍሪ የተገፋ ሞተር ለሽርሽር ነው የወጣው። እሺ ይሁን፣ አንድ ደግ ሰው «ማርሽ አስገባ» አለህ፣ አስገባህ። አሁንም እምቢ አለ። ለምን? መሪው ላይ ያለችው ቀይ ማጥፊያ ተዘግታ ነበር። ቀይ፣ አውራ ጣት የምታህል፣ አፍንጫህ ሥር። ሰዉ ሁሉ ያያታል፣ አንተ ብቻ ባትሪውን ትራገማለህ። ጭነት የጫነች በቅሎ እንኳ ቆም ብላ ተመለከተችህ፤ «ይሄ ደግሞ በየትኛው አባቱ ወጣ?» ሳትል አልቀረችም። እሷ እንኳ አባት ታውቃለች ብላችሁ፣ እሷም አጎቷን ነው የምትጠራው።

«እንግዲያው በእግርህ ምታው!» አልክ። ይህችስ ትንሽ ትሻላለች፣ ማሰብ ጀመርክ ማለት ነው። ብዙዎቹ የድሮ ባለ ካርቡራተር ሞተሮች ብልጭታቸውን የሚያገኙት አብሯቸው ከሚዞረው ማግኔት ነው፤ ባትሪው ቢወልቅ እንኳ በእግር ሲመቷቸው ይነሳሉ። የግብርና ባለሙያው የሚነዳት ያማሃ ኤጂ 100 ገጠር ለገጠር ስንት ዘመን የኖረችው በርግጫ ነው። ነገር ግን ዘመኑ ወለደ፤ ነዳጅን በኮምፒውተር የሚረጭ ሞተር መጣ። የዚያ ፓምፕ መብራት ካላገኘ ነዳጅ አይገፋም፣ ኮምፒውተሩም ካልነቃ ብልጭታ አያዝም። እንዲህ ያለውን ባትሪው ፍጹም ደርቆ ሳለ ብትገፋው ደሴ ትደርሳለህ እንጂ አይነሳም። ደሴ ከደረስክ ደግሞ ለምን ሞተር አስፈለገህ?

«ባትሪው ቻይና ስለሆነ ነው የሞተው» አልክ። ይኸው ደግሞ ውጭ ጉዳይ ገባን። ባትሪ አይሞትም አባ ግፋው፤ ይገደላል። ገዳዩም ቤጂንግ አይደለም ያለው፣ ኮርቻ ላይ ነው። ሰዎች፣ ጠጋ በሉ፣ ምርመራ ልንከፍት ነው።

ሟች ባለ 12 ቮልት ነው። ሆዱ ውስጥ ስድስት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ ክፍል ሁለት ቮልት ከትንሽ ያዋጣል። ጠግቦ ካደረ በቴስተር ስትለካው 12.6 ገደማ ይልሃል። 12 ላይ ከወረደ ተርቧል። ከስድስቱ አንዱ ክፍል ከተበላሸ የቀሩት አምስቱ ተሰብስበው አሥር ከምናምን ይሰጡሃል፤ ማስነሻው ሞተሪኖ ደግሞ በምናምን አይዞርም። «ጠቅ» ያለው ለዚህ ነው። ያ ድምፅ «አለሁ፣ ግን አቅም የለኝም» ማለት ነው፤ አንተ «ግፋው» አልከው።

አንደኛ ተጠርጣሪ፣ ቁልፉን ከፍቶ ቡና ቤት የገባው። ሞተሩን በቀይዋ ማጥፊያ አጥፍቶ፣ ቁልፉን ሳይመልስ፣ ፓውዛው እየበራ። አቦሉን ጠጣ። ቶናውን ጠጣ። በረካውን መረቀ። ሲመለስ በረካው ሁሉ ከባትሪው ወጥቶ ሄዷል። «ምን ነካው? ቅድም ደህና ነበር!» አለ። ቅድም አንተም ደህና ነበርክ።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ሞተሩን ሠርግ ቤት ያደረገው ነው። ከፊት ሰማያዊ፣ ከሥር አረንጓዴ፣ ከኋላ የሚጨፍር ቀይ አምፑል። ቴፕ አለው፣ ስፒከር አለው፣ ጎርናና ክላክስ አለው። ማታ ቆሞ ሲያበራ ያየ መንገደኛ የአምፑል ሱቅ መስሎት ዋጋ ይጠይቃል። ፍየል ስታልፍ ክላክስ፣ ሚዜው ሲያልፍ ክላክስ፣ ማንም ሳያልፍም ክላክስ። የዚህ ሰው ባትሪ ሲያልቅ ከተማው ሰላም ያገኛል፤ መካነ ሰላም የተባለውም ያኔ ነው ልል ነበር፣ ፈራሁ።

ሦስተኛው ምስኪን መሳይ ነው፤ ነገር ግን በቀን ስንቴ እንደሚገድል እሱም አያውቀውም። ያስነሳል፣ ሁለት ደቂቃ ይነዳል፣ ሱቅ በር ላይ ያጠፋል። ያስነሳል፣ ፋርማሲ በር ላይ ያጠፋል። ሞተሪኖው ከባትሪው የሚወስደውን ዲናሞው በሁለት ደቂቃ አይመልሰውም። ሁልጊዜ ዱቤ፣ አንድም ቀን ክፍያ የለ። ባትሪ ደግሞ እንደ ሰፈሩ ባለሱቅ ደብተር አውጥቶ «ለነገ» አይጽፍልህም። ልክ የሆነ ሞተር ሲሠራ ለባትሪው ወደ 14 ቮልት ገደማ ይልካል። ቴስተር ይዘህ ሞተሩ እየሠራ ለካው። 12 ላይ ቆሞ ከቀረ ጥፋተኛው ሟች ሳይሆን ቀላቢው ነው። አዲስ ባትሪ ብትገዛም የምትገዛው ሁለተኛ ሬሳ ነው።

«ብርዱ ነው እንጂ እኔ ምን አደረግኩ?» አልክ። ግማሽ እውነት ተናገርክ፣ ይመዝገብልህ። ብርድ ባትሪ ውስጥ ያለውን ሥራ ያዘገየዋል፤ ዘይቱም ወፍሮ ሞተሩን ያከብደዋል። በዚህ ደጋ፣ የኅዳር ውርጭ ሣሩን ነጭ ባለበሰበት ጠዋት፣ ግማሽ የሞላ ባትሪ አልነሳም ቢል አይፈረድበትም። አንተ ጋቢ ደርበህ ጎንበስ ስትል ስንት ደቂቃ ይፈጅብሃል? ለሱ ግን ፍትሐ ነገሥት ትገልጥበታለህ።

መፍትሔህ ደግሞ ከክሱ ባሰ። «ፀሐይ ላይ አስጣው» አልክ። ያንተ ነገር የእጅ ባትሪ ድንጋይ ነው! ልጅ ሆነን ድንጋዩን ጣራ ላይ አስጥተን፣ በጥርስ ነክሰን፣ ለአንድ ማታ ራዲዮ አስለምነነዋል፤ ልክ ነህ። ይሄ ግን እርሳስና አሲድ ነው። በርበሬ አይደለም፣ አይሰጣም። ሰው ድንጋይ ሲያሰጣ አድጎ ጭንቅላቱ ድንጋይ ሆኖ ቢቀር በኔ ባትሪ አያሳብ።

«ውሃ ጨምርበት» አልክ፣ የቧንቧውን በጀሪካን ይዘህ። ባትሪው የሚጠጣው የተጣራ ውሃ ነው፤ የባትሪ ውሃ ተብሎ የሚሸጠው። የቧንቧና የምንጭ ውሃ ማዕድኑን ይዞ ገብቶ እርሳሱን ያበላሸዋል። «እንግዲያው አሲድ ጨምር» አልክ። ተኖ የሚሄደው ውሃው ነው፣ አሲዱ ያው ተቀምጧል። ውሃ የጠማውን አሲድ አጠጣለት የምትል ሰው፣ ቤትህ እንግዳ ሆኜ እንዳልመጣ ብቻ አደራ። ጭራሽ ክዳኑን ከፍተህ «ደርሷል ወይ?» ብለህ ላይተር ለኮስክ! ሲሞላ የከረመ ባትሪ ሃይድሮጅን ይተነፍሳል። ሃይድሮጅንና እሳት ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ለማወቅ መማር አያስፈልግም፤ ቅንድብ ማጣት ይበቃል።

«እሺ ከአይሱዙው ላይ በገመድ ቀጥለው!» አልክና ሹፌሩን ጠራኸው። ደግነትህን ሳልዘነጋ፣ የጭነት መኪናው ብዙ ጊዜ 24 ቮልት ነው፣ ሞተሬ 12። ሁለት እጥፍ መብራት የጠጣ ኮምፒውተር ጢስ ሆኖ በአምባ ፈሪት አናት ይወጣል። ከባለ 12ቱ ትንሽ መኪና ይቀጠላል፤ የመኪናው ሞተር ጠፍቶ፣ ቀይ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከመኪናው ባትሪ ተነስቶ እዚህ ከሞተሩ ባዶ ብረት ላይ። ኤሌትራውቶው «ማሳው ላይ እሰረው» ሲልህ ያንተን የጤፍ ማሳ እንዳይመስልህ። ገመዱን ይዘህ ወደ ወግዲ እንዳትሄድብን።

አሁን እኔ ላሳይህ፤ ስንጥሩን ጣልና እይ። ኮርቻውን አነሳሁ። ባትሪው ይኸውና፣ በአንድ እጅ የሚያዝ ዕቃ። ራሱ ላይ ምን ታያለህ? ነጭና አረንጓዴ ዱቄት። የሽቦው ጫፍ ሳይቀር ጠግቦታል። በጣቴ ብነካው ቡሎኑ ይዞራል፤ ልል ነው። ባትሪው መብራት ቢኖረውም በዚህ በር አያሳልፍም። ጥቁሩን መጀመሪያ ፈታሁ፣ ቀጥሎ ቀዩን። ሙቅ ውሃ ውስጥ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጬ አፈሰስኩበት፤ ተንጨረጨረ። አጥቤ አደረቅኩት። ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁት። ስመልስ ቀዩን መጀመሪያ፣ ጥቁሩን መጨረሻ። ቡሎኑን አጥብቄ ከላይ ግራሶ ቀባሁት። ይህን ሁሉ ሳደርግ አንተ ምን እያደረግክ ነበር? ለአዲስ መጪዎች «እኔ እኮ ግፋው ብዬው ነበር» እያልክ ታሪኩን ከመጀመሪያው ትተርክ ነበር።

እንዲህ ሆኖ አሁንም ካልነሳ ባትሪው ወርዶ ይሞላል፤ በቀስታ፣ ሌሊቱን። ባዶውን ወር ሁለት ወር ካስተኙት ደግሞ እርሳሱ ላይ ጨው መሰል ነገር ይጋገርና ሙላት አይቀበልም፤ ያኔ እውነትም ቀብር ነው። ክረምቱን ሙሉ ሞተሩን ሸራ አልብሶ መስከረም ላይ «ምን ሆነብኝ?» የሚል ሰው ለቅሶ ቢቀመጥ እንኳ ንፍሮ አይገባውም።

«ኧረ ተወው፣ ባትሪ ከሚባል ጣጣ በቅሎ ይሻላል» አልክ በመጨረሻ፣ ጎራ ቀይረህ። በቅሎን አከብራለሁ፣ በሽሎን እሷ ናት ያሻገረችን። ግን ዘመኑን እየው እንጂ። በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና አገር ውስጥ እንዳይገባ ተከለከለ፤ የሚገባው መኪና ከሆዱ እስከ ጀርባው ባትሪ ሆነ። እዚህ ታች፣ ከቦረና ሥር የሚወርደው ዓባይ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀውን ግድብ እየቀለበ ነው። ውሃው ከደጃፍህ ሄዶ መብራት ሲሆን አንተ እዚህ ቁጭ ብለህ «ባትሪ ምን ያደርጋል?» ትላለህ። ዓባይ ሰምቶህ ቢሆን ሌላ አገር ፈልጎ ይፈስ ነበር። አዲስ አበባ በ2011 ሞተር ሳይክል ያለ ፈቃድ እንዳይነዳ ስትከለክል ደንብ አውጥታ ነው። ያንተን ምክር የሰማ ሞተር ደንብ አያስፈልገውም፣ ራሱን በራሱ ይከለክላል።

«እኔ ዕድሜ ልኬን ባትሪ አልቆብኝ አያውቅም!» ብለህ ደረትህን ነፋህ። ሰዎች፣ ይህቺን እመኑት፣ የዛሬዋ ብቸኛ እውነት ናት። ሞተር የሌለው ሰው በምን በኩል ያልቅበታል? ጫማ የሌለው ሰው ማሰሪያው ተፈታብኝ አይልም።

ቆይ ግን። መሪዬ ላይ፣ እዚያች ስልክ መሙያ ላይ፣ ከጠዋት ጀምሮ የተሰካው ስልክ የማን ነው? ሽፋኑ የተሰነጠቀው፣ መጥሪያው «ገራገሩ ወሎ» የሚለው? ያንተ! ቁልፉን ማን ከፈተው? አንተ፣ «ትንሽ ብቻ» ብለህ። ስንት ፐርሰንት ደረሰ? መቶ! ሰዎች፣ መቶ ነው የሚለው! የሞተሬ ነፍስ ያለችው እዚያ ውስጥ ነው። በል ንቀለውና ለኤሌትራውቶው ደውልልኝ፤ ባትሪ ቻርጅ የሚያደርግበትን ይዞ ይምጣ።

ምን? «ካርድ አልሞላሁም»? ባትሪህን እኔ ሞላሁልህ፣ ካርዱንም እኔ ልሙላልህ?